ለመስቀል የሚመለሰውን ልጅ ማን ይቀበለዋል?



መስቀል የመመለስ በዓል ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠጥር፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው፣ ከቀዬው ርቆ የሰነበተ ሁሉ ልቡ ወደ ተወለደበት ቤት ይነጉዳል። ተማሪው ከትምህርት ቤቱ፣ ነጋዴው ከገበያው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እየጠየቀ መንገድ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስባት ቦንጋም በእነዚህ ቀናት የልጆቿን መምጫ በጉጉት ትጠባበቃለች። በካፋ ምድር ደስታው ድርብ ነው፤ ሕዝቡ የዘመን መለወጫውን ማሽቃሮን በቦንጌ ሻምበቶ ተሰብስቦ የሚያከብረው በዚሁ በመስከረም ወር ነውና።

ተማሪው ሲመጣ እልል ይባላል፤ ነጋዴው ሲመጣ በግ ይታረዳል። ከተመላሾቹ መካከል ግን መምጣቱ በሹክሹክታ የሚነገርለት አንድ ልጅ አለ። የመጣው ለሳምንታት ተኝቶ የአእምሮ ሕክምና ሲደረግለት ከቆየበት ሆስፒታል ነው። ወይም ከሱስ ማገገሚያ ነው፤ አለዚያም ወራት ከሰነበተበት የጸበል ቦታ ነው። በእጁ የያዘው የበዓል ስጦታ ሳይሆን በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ ክኒን ነው። ቤተ ሰቡ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነልን" ብሎ ይቀበለዋል፤ ከዚያም ነገሩ ያለቀ መስሎት ወደ በዓሉ ዝግጅት ይመለሳል።

ነገሩ ግን አላለቀም። ሕክምናው በሆስፒታሉ በር ላይ ቢያበቃም ፈውሱ የሚፈጸመው በቤት ደጃፍ ነው። በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ያለው መንገድ ደግሞ በአብዛኛው አካባቢያችን ገና አልተሠራም። ያንን መንገድ የመሥራት ኃላፊነት የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የእድሩ፣ የማኅበሩ፣ የንስሐ አባቱና የጎረቤቱ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ወር

እስቲ ማንንም ሳንነካ አንድ ወጣት በሐሳባችን እንሳል። ዕድሜው 20 ዓመት ነው እንበል፤ ትውልዱም ከቦንጋ ወጣ ብሎ በጊምቦ ወረዳ ነው። ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው እንቅልፍ አጣ፤ ብቻውን መነጋገር ጀመረ፤ ያደረበትን ፍርሃት ለማብረድም ጫቱንና አረቄውን አዘወተረ። ቤተ ሰቡ መጀመሪያ ታገሠ፤ ቀጥሎ ጸበል ወሰደው፤ በመጨረሻም በግ ሸጦና ተበድሮ ሆስፒታል አስገባው። መድኃኒቱ ሠራለት፤ እንቅልፉም ተመለሰ። በደመራው ዋዜማም ቤቱ ገባ።

በመጀመሪያው ማታ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። በካፋ ማር የተጣለው ጠጅ ይቀዳል። አጎቱ በፍቅር ብርሌውን ዘርግተው "ለዓመት በዓል አንዲት ምን ትልሃለች?" ይሉታል። እምቢ ቢል ኮራ፣ ወይም ገና አልዳነም ይባላል፤ እሺ ቢል ሐኪሙ የከለከለውን ይጥሳል። በማግስቱ መድኃኒቱ ስለሚያስተኛው እስከ ረፋድ ያንቀላፋል፤ አባቱ "ሰነፈ" ይላሉ። ከሰዓት በኋላ የቡና ሲኒ ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልጆች ይሳሳቃሉ። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ከበሽታው ሳይሆን ከመድኃኒቱ የሚመጣ መሆኑን፣ ሐኪምም መጠኑን ሊያስተካክለው እንደሚችል ለቤተ ሰቡ የነገረ የለም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ልጇን ከግቢው ትጠራለች። ገንዘብ እንዳይዝ፣ መጥረቢያ እንዳያነሣ፣ ብቻውን እንዳይወጣ በዓይን ይጠበቃል። በሳምንቱ ሳይፈራ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ እንደ ቀድሞው አድርጎም የሚያጫውተው የጫት ቤት ጓደኛው ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ክኒኑ ሲያልቅ "ድኜ የለ!" ብሎ ይተወዋል። የዘንድሮው ቡና ተለቅሞ ሳያልቅም ሕመሙ ይመለስበታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አጎቱ ይወዱታል፤ አባቱ ሀብታቸውን ከፍለውለታል፤ ጎረቤቷም የፈራችው ለልጇ ነው። የጎደለው ፍቅር ሳይሆን ዕውቀትና ዝግጅት ነው። የዘርፉ ሐኪሞች ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት እጅግ የሚሠጉባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ራስን የማጥፋት አደጋ በእነዚያ ጊዜያት ከፍ እንደሚል በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ሰው 14 ዓመት ሳይሞላው ነው። እንግዲህ የምናጣው ዕድሜውን የጨረሰ ሰው አይደለም፤ ትምህርቱ፣ እርሻውና ሠርጉ ገና ከፊቱ ያለ ልጅ ነው።

መላክን ተማርን፣ መቀበልን ግን አልተማርንም

ሀገራችን ሕሙማንን ወደ ሕክምና ለመላክ ረጅም መንገድ ተጉዛለች። የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተመሠረተ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የካፋ ሰውም፣ የወሎ ሰውም፣ የሐረር ሰውም ልጁን ይዞ ወደዚያው ይጓዝ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከዋና ከተማው ወጥቶ በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ አቅጣጫ አስቀመጠ። ለደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ቅርብ በሆነችው በጅማም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የዳነው ሰው ወዴት እንደሚሄድ የታሰበው ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ መውጫ በገፈርሳ የሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከነዋሪዎቹ መካከል ሕመማቸው ስላልታከመ ሳይሆን የሚቀበላቸው ቤተ ሰብ በመጥፋቱ ለዓመታት የቆዩ አሉ። መቄዶንያና ጌርጌሴኖንን የመሰሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ከየጎዳናው የሚያነሷቸው ወገኖችም ብዙዎቹ በአንድ ወቅት ቤት የነበራቸው፣ ታክመው ወይም ተጠምቀው የተመለሱ፣ ከዚያም ደጃፉ የጠበባቸው ናቸው። እነዚህ ማኅበራት የሚያደርጉት ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እነርሱ የሚሰበስቡት እኛ በየቤታችን ያፈሰስነውን ነው።

ጌርጌሴኖን የሚለው ስም ራሱ በየቤታችን ከሚነበበው ወንጌል የተወሰደ ነው። በመቃብር ቦታ ይኖር የነበረውን፣ በሰንሰለት ቢታሰርም ሰንሰለቱን ይበጥስ የነበረውን ያንን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። በታሪኩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውላቸው የምናልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የአገሩ ሰዎች ፍርሃት ያደረባቸው ሰውየው ሲጮኽ ሳይሆን ልብሱን ለብሶ፣ ልቡናው ተመልሶለት በጸጥታ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ መሆኑ ነው። ሕመሙን ለምደውት ነበር፤ ጤንነቱን ግን አልለመዱትም። ሁለተኛው፣ ሰውየው የፈወሰውን ጌታ ተከትሎ ለመሄድ ሲለምን ፈቃድ አለማግኘቱ ነው። የተሰጠው ትእዛዝ ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ እንዲመለስ ነበር። ፈውሱ ፍጹም የሚሆነው በማዕድ ዙሪያ ሲቀመጥ ነውና።

ከማዕድ መለየት ምን ያህል እንደሚያቆስል ደግሞ ካፋ አስቀድማ ታውቀዋለች። ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ለዘመናት ከሌላው ጋር በአንድ ቤት እንዳይበሉ፣ በአንድ ዕቃ እንዳይጠጡ ሲደረጉ ኖረዋል፤ ያ ቁስል ዛሬም ፈጽሞ አልሻረም። አንዱን ግድግዳ ለማፍረስ በምንደክምበት ዘመን በዚያው ግቢ በታመመው ልጃችን ዙሪያ ሌላ ግድግዳ መሥራት አይገባንም።

ጸበሉና ክኒኑ

በክርስቲያን ቤት የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱን ሸፍኖ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን በመጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጸበል ነው። ይህ የእምነቱ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የጸበል ቦታ ለታማሚው የሚሰጠው ነገርም ቀላል አይደለም፤ ሕመምተኛ ከሕመምተኛ ጋር ይተዛዘናል፤ የሚቀሰቅሰው፣ የሚጸልይለት፣ አብሮት የሚቆም ሰው ያገኛል፤ ከአረቄው ቤትም ይርቃል። በእርግጥም ለብዙዎች የመጀመሪያው ማገገሚያ እርሱ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንዳንድ ሰዎች በራሳቸው ሥልጣን "ጸበል ከጠጣህ ክኒኑን ጣለው" ሲሉ ነው። እንዲህ ያለው ምክር ከቤተ ክርስቲያኒቱ አባቶች ድምፅ ጋር አይስማማም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በኤች አይ ቪ ምክንያት ተመሳሳይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ለዚያ ሕመም የተባለው ለዚህኛው የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚሁ ጋር የጾም ነገር አለ። የጠዋት ክኒን የታዘዘለት ልጅ ቤተ ሰቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም እርሱ ብቻውን ለመዋጥ ያፍራል፤ ወይም ኃጢአት መስሎ ይታየዋል። አንድ ቀን የተዘለለው ክኒን ሳምንት ይሆናል፤ ሳምንቱም ወር ይሆናል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። መድኃኒቱ ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ፣ ሕመምተኛ ከጾም ስለሚኖረው ፈቃድም የንስሐ አባትን ማማከር ነው። ንስሐ አባቱ በቤተ ሰቡ ፊት "ልጄ፣ መድኃኒትህን ዋጥ" ቢሉት ያ አንድ ቃል ከብዙ የሐኪም ምክር ይበልጥ ይሠራል። ስለዚህ ልጁ ገና ከመመለሱ በፊት ንስሐ አባቱ ነገሩን እንዲያውቁ ማድረግ የቤተ ሰቡ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል።

ከሩቅና ከቅርብ የተገኘ ትምህርት

በሌላው ዓለም በሆስፒታልና በቤት መካከል "የመሸጋገሪያ መኖሪያ" የሚባል ነገር ይዘረጋል። ነገሩ ቀላል ነው። ከሕክምና የወጡ ጥቂት ወጣቶች በአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ለተወሰኑ ወራት ይኖራሉ። ምግባቸውን ራሳቸው ያበስላሉ፤ ክኒናቸውን በሰዓቱ መዋጥ ይለምዳሉ፤ ቀን ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት ይሄዳሉ፤ በእሑድና በበዓል ቤተ ሰባቸውን ይጠይቃሉ። አንድ የሠለጠነ ሰው ይከታተላቸዋል። ጊዜው ሲደርስ ይወጣሉ፤ ለሚቀጥለውም ይለቃሉ። ድልድይ እንጂ ማረፊያ አይደለም።

ከዚህም የቆየ ምሳሌ አለ። በቤልጅየም ጌል በምትባል ከተማ በአንዲት ቅድስት ስም የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ማረፊያ ሲሞላ የከተማው ሰው እንግዶቹን በየቤቱ ያሳድር ጀመር። ለጥቂት ቀናት የመጡት ለዓመታት ቆዩ፤ ከቤተ ሰቡ ጋር በልተው፣ ማሳ አርሰው፣ ልጅ አሳድገው ኖሩ። ልማዱ በመንግሥትና በሐኪሞች እየታገዘ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ለጸበል የመጣን እንግዳ ቤቱን ከፍቶ ሲያስጠጋ ለኖረ ለእኛ ሕዝብ ይህ ታሪክ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ይሁንና ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎችን በየቤታቸው የመደገፍ ሙከራ ተደርጓል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት ያህል ወደ ታማሚዎቹ ቤት ይመላለሱ ነበር። ክኒኑ እንዳይቋረጥ ያግዛሉ፤ ቤተ ሰቡን ያስተምራሉ፤ ታማሚው ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ እድሩ እንዲመለስ ደረጃ በደረጃ ይረዱታል፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶችም ያነጋግራሉ። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ውጤት እንዳሳየው፣ ይህ ድጋፍ የተጨመረላቸው ሰዎች ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት የተሻለ አቅም አግኝተዋል። ይህ በሀገራችን፣ በገጠር፣ በራሳችን ሰዎች እጅ የተሠራ ነው።

ካፋ በእጇ ያለው

በመሆኑም ጥያቄው "ካፋ ከየት ታመጣለች?" የሚል ሳይሆን "ካፋ ያላትን እንዴት ታስተባብር?" የሚል መሆን አለበት።

በመጀመሪያ ቡና አላት። ስለ ንግዱ ሳይሆን ስለ ሲኒው ነው የምናገረው። በዚህ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን ቡና ይጠራል፤ ያልተጠራ ሰው ከሰው ቁጥር ወጥቷል ማለት ነው። ለተመላሹ ልጅ የመጀመሪያው የመሸጋገሪያ ቤት እንግዲህ የጎረቤት የቡና ረከቦት ነው። እጁ ቢንቀጠቀጥ ሲኒውን ሞላ ሳያደርጉ መቅዳት ነው እንጂ አለመጥራት መፍትሔ አይሆንም።

ቀጥሎ ሥራ አላት። ከመስቀል በኋላ የጫካው ቡና እየቀላ ይሄዳል፤ ለሚቀጥሉት ወራትም የሚለቅም እጅ ይፈለጋል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በሥሩ ብዙ ማኅበራትን አቅፏል። ቀፎ ሰቅሎ ማር ማምረት የአገሩ ነባር ሙያ ነው። በአዲዮ አካባቢም ገበሬዎች ተደራጅተው ስመ ጥሩውን የቦንጋ በግ ዝርያ ሲያሻሽሉ ቆይተዋል። ለሚያገግም ወጣት ከእነዚህ የተሻለ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከሰው ጋር የሚሠራ፣ በየቀኑ የሚያስነሣ፣ ውጤቱም በዓይን የሚታይ ነውና። በመጀመሪያው ወር ለግማሽ ቀን ቢሠራ፣ በሦስተኛው ሙሉ ቀን ቢሠራ፣ ዋጋውም እንደ ማንኛውም ሰው በእጁ ቢሰጠው ክብሩ ይመለሳል። ሱስ ለነበረበት ልጅ ግን የገንዘብ አያያዙን ከሚያምነው ሰው ጋር ቀስ በቀስ መለማመዱ አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛ ተቋማት አሏት። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ አሉ። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫም ቦንጋ ናት፤ ስለዚህ ውሳኔ ሰጪው ከቀድሞው ይልቅ ቅርብ ነው። በየገጠር ቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። እነዚህ ሠራተኞች ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ የተመለሰውን ልጅ በካፊኖኖ ሊያነጋግሩት ይችላሉ። ልጁ ሕመሙን በሁለተኛ ቋንቋው ለሐኪም ሲያስረዳ ቆይቶ፣ በአፍ መፍቻው የሚያዳምጠው ባለሙያ ሲያገኝ የሚሰማውን እፎይታ መገመት አያዳግትም።

አራተኛ እድርና ማኅበር አላት። እድር ለሞተው ድንኳን ይተክላል፤ ለለቀስተኛው ንፍሮ ያቀርባል። ሰው ሲሞት ይህን ያህል የሚተጋ ማኅበር ሰው ሲድን ለምን ይተኛል? ሕመምተኛ ልጅ ያለው አባል ለቀጠሮ ወደ ጅማ ሲሄድ የመሳፈሪያውን ማገዝ፣ ክኒን እንዳይቋረጥበት የተቀማጭ ገንዘብ መያዝ፣ ሁለት ሰው መርጦ በየሳምንቱ እንዲጠይቁት ማድረግ ከእድር አቅም በላይ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ልጁን ለምስክርነት ወደ መድረክ ሳይሆን ለወዳጅነት ወደ መካከላቸው ቢጠሩት፣ ከጫት ቤቱ ጓደኛ በፊት ይደርሱለታል።

እነዚህን አራቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር ግን ያስፈልጋል፤ እርሱም በቦንጋ ከተማ የሚከፈት ትንሽ የመሸጋገሪያ ቤት ነው። ስድስት ወይም ስምንት አልጋ ይበቃዋል። ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት፣ ከገበያው ያልራቀ፣ እንደ ማንኛውም ቤት ጓሮ ያለው ይሁን። አንድ የአእምሮ ጤና ነርስና ሁለት ረዳቶች ይኑሩት። ከገጠር ወረዳዎች የመጣ ልጅ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆይበት፤ ከቤተ ሰቡም አንድ ሰው መጥቶ ለጥቂት ቀናት አብሮት እየተማረ ይሰንብት። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሰዎቹ እስከ ዓመት ድረስ ይጠይቁት።

የሚነሡ ጥያቄዎች

"ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ልጁን አንድ ጊዜ ለማሳከም በግ ይሸጣል፤ ሲታመምበት እንደገና ላም ይሸጣል፤ ሦስተኛ ጊዜ የሚሸጠው ሲያጣ ልጁን በቤት ያስረዋል። ይህ ሰንሰለት በሀገራችን በብዙ ቤት ውስጥ የታየ ነው። የመሸጋገሪያ ቤት ወጪ ያኔ ከሚወጣው ጋር ተመዛዝኖ መታየት አለበት።

"አደገኛ ቢሆንስ?" የሚልም አይጠፋም። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚደበደቡትና የሚበደሉት እነርሱ ናቸው። አደጋው ከፍ የሚለው ሕክምናው ሲቋረጥና መጠጡ ሲጨመርበት ነው። ስለዚህ የሚፈራ ጎረቤት መሸጋገሪያ ቤቱን ሊቃወም ሳይሆን አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባዋል።

"ቤተ ሰብ እያለው ስለ ምን በሌላ ቤት ይኖራል?" የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ልጅን በእናቱ እጅ ከማኖር የሚበልጥ ነገር የለም ብሎ ማሰብ ከባህላችን የመጣ ነው፤ መልካምም ነው። ሆኖም እውነቱን እንናገር፤ ልጁ የተሰበረበት ቤት አንዳንድ ጊዜ ያው ቤት ነው። አባት የሚጠጣበት፣ እናት ጠላ ወይም አረቄ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግበት ቤት አለ። ከመጠጥ ሱስ የወጣን ልጅ በቀጥታ ወደዚያ መመለስ እርሱንም እናቱንም መጉዳት ነው፤ እርሷም የእንጀራ ገመዷን በአንድ ቀን ልትበጥስ አትችልም። ለሁለቱም ፋታ ያስፈልጋቸዋል። የመሸጋገሪያ ቤቱ ልጁን ከእናቱ የሚወስድ ሳይሆን ለእናቱ አዘጋጅቶ የሚመልስ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው የመጠጥ ቤቱን በር ነው፤ በበዓል ቀን በቤታችን የሚዞረውን ብርሌ የሚጠብቅ የእኛ ኅሊና ብቻ ነው።

ከዛሬ ማታ ይጀመር

ቤቱ እስኪሠራ ድረስ የሚጠበቅ ነገር የለም። በዚህ በዓል ከቤታችሁ አንድ ተመላሽ ካለ፣ ለእርሱ ጠጅ ሳይሆን ብርዝ ጣሉለት። አገሩ የማር አገር ነው፤ ያልፈላ የማር ብርዝ ለእንግዳ ቢቀርብ ውርደት የለበትም። አጎትም በዚህች አንዲት ማታ ብርሌውን አስቀምጠው ከልጁ ጋር ብርዝ ይጠጡ። ልጁ ብቻውን እንግዳ ከሚሆን ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑ ምን ይጎድላል? በማለዳ ቢያንቀላፋ "መድኃኒቱ ነው" በሉ። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቁት፤ ክኒኑ ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው ቁጠሩለት። ስለ ሕመሙ በእርሱ ፊት ለሌላ ሰው አታውሩ። ሥራም ስጡት፤ ደመራውን የሚያቆም፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ታናናሾቹን የሚያስጠና አንድ ሰው ከተፈለገ እርሱ ይሁን።

ማሽቃሮ ያለፈው ዓመት ሥራ የሚመዘንበት፣ የመጪው ዓመት የሚታቀድበት ጊዜ እንደሆነ የካፋ አባቶች ያውቃሉ። ካለፈው ዓመት ወጪና ገቢ መካከል ስንት ልጅ ታክሞ እንደተመለሰ፣ ከእነርሱም ስንቱ ዛሬ በመካከላችን እንዳለ ቢቆጠር መልካም ነው። ለመጪው ዓመትም የመሸጋገሪያ ቤቱ ነገር ከዕቅዱ ይግባ።

መስቀሉን ስናከብር የምናስበው የጥንት ታሪክ ይህን ያስተምረናል። ክቡሩ መስቀል ለዘመናት ቆሻሻ ሲጣልበት ኖሮ ኮረብታ ተከምሮበት ነበር። ንግሥት እሌኒ ከጉድፉ በታች ክቡር ነገር እንዳለ አመነች፤ አስቆፈረችም። ቁፋሮው የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም፤ የአንድ ሰው እጅም አልሠራውም። በሕመምና በሱስ፣ በሐሜትና በፍርሃት ጉድፍ የተሸፈነ ልጅም ከሥሩ ያው የምናውቀው ልጃችን ነው። ሐኪሙ መቆፈር ጀምሯል፤ የቀረው ግን የእኛ ነው።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የመገናኘት እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ። መልካም የመስቀል በዓል!